ከጅዳ ማዶ ያለው ወደብ፦ የሩሲያ የኒውክሌር መርከቦችና የመካ ውሃ

በጅዳ ኮርኒሽ ዳርቻ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው ከውሃና ከመርከብ በቀር የሚያየው የለም። ካርታ ለዘረጋ ግን ከዚያው ውሃ ማዶ፣ በቀጥታ መስመር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ፖርት ሱዳን ተቀምጧል። ይህ ወደብ የዜና ርእስ መሆን ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። በአንድ በኩል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት የሱዳን ባለሥልጣናት መቀመጫ አደረገው፤ በሌላ በኩል ሩሲያ የጦር መርከቦቿን፣ በኒውክሌር ኃይል የሚንቀሳቀሱትን ጭምር፣ የምታሳርፍበት ስፍራ እንዲሆን የተረቀቀው ስምምነት አንድ ጊዜ እየተነሣ ሌላ ጊዜ እየተኛ ዘልቋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ እስካልተባለ ድረስ፣ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ጉዳዩ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ጥያቄ ነው። በጅዳ ለረጅም ዘመን የኖሩ፣ በወጣትነታቸው በምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገሉ አንድ አባት በስልካቸው የደረሳቸውን የዓረብኛ ዜና አሳዩኝና «ልጄ፣ ዓለምን የሚያጠፋው ሰርጓጅ መርከብ ፖርት ሱዳን ሊገባ ነው እያሉ ነው፤ እውነት ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አይደለም ጋሼ» ብዬ መለስኩላቸው። መልሱ ስሕተት አልነበረውም፤ ነገር ግን የማይመጣው ምን እንደሆነ ተናግሮ ሊመጣ የሚችለውን የሚያስቀር መልስ ግማሽ መልስ ነው። ቀሪው ግማሽ በዚህ ባሕር ውሃ ለሚጠጣ ሁሉ ይመለከተዋል፤ በመካና በጅዳ ደግሞ ከባሕር ያልተጣራ ውሃ የሚጠጣ ብዙ ሰው የለም።

በቅድሚያ ወደ ሰነዱ እንመለስ። የሱዳን የቀድሞ ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽር በኖቬምበር 2017 ወደ ሶቺ ተጉዘው ከፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን ጋር በተነጋገሩ ጊዜ የቀይ ባሕር ጉዳይ ተነሥቶ ነበር። አል በሽር በኤፕሪል 2019 ከሥልጣን ቢወገዱም ውጥኑ አልተቋረጠም፤ በኖቬምበር 2020 ፑቲን ረቂቁን አጸደቁ፤ በዲሴምበር 2020 ደግሞ የስምምነቱ ሙሉ ቃል በሩሲያ መንግሥት የሕግ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። በዚህ መሠረት ሩሲያ በአንድ ጊዜ እስከ አራት መርከቦችን፣ እስከ 300 የሚደርሱ ወታደሮችንና ሠራተኞችን በስፍራው ማቆየት ትችላለች። የስምምነቱ ዘመን 25 ዓመት ሲሆን፣ ተቃውሞ ካልቀረበበት በየአሥር ዓመቱ ይታደሳል። የኒውክሌርና የአካባቢ ደኅንነት መጠበቁን እንደ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ፣ የኒውክሌር የኃይል ማመንጫ ያላቸው መርከቦችም መግባት እንደሚችሉ በግልጽ ይናገራል።

እዚህ ላይ የቋንቋ ሠራተኛ የሆነ ሰው ዝም ብሎ ሊያልፋቸው የማይገባ ሁለት ቃላት አሉ። የመጀመሪያው የስፍራው ስም ነው። ሰነዱ «የሎጂስቲክስ ድጋፍ ማዕከል» ሲለው፣ የዓረብኛ ጋዜጦች በአብዛኛው «ቃዒዳ» ይሉታል፤ ይኸውም የጦር ሰፈር ማለት ነው። ሞስኮ ለስላሳውን ቃል የመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጋዜጦቹም ጠንካራውን የመረጡት እንዲሁ አይደለም። ሁለተኛው ግን የበለጠ ያሳስበኛል። «በኒውክሌር ኃይል የሚሠራ መርከብ» እና «የኒውክሌር መሣሪያ የታጠቀ መርከብ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ስለ ሞተሩ፣ ሌላው ስለ ጦር መሣሪያው ይናገራል። በአማርኛ ሁለቱንም «የኒውክሌር መርከብ» ብለን ስናሳጥራቸው ልዩነቱ ይጠፋል። የአባቴ እኩያ የሆኑትን እኒያን ሰው ያስደነገጣቸው ይህ የጠፋ ልዩነት ነው።

«ዓለምን የሚያጠፋው» የተባለው ሁለቱንም የያዘው ነው፤ ሞተሩም ኒውክሌር፣ መሣሪያውም ኒውክሌር የሆነው ባለስቲክ ሚሳኤል ተሸካሚ ሰርጓጅ መርከብ። ሩሲያ ዛሬ በዚህ ረገድ የምትመካበት የቦሬይ ዝርያ ነው። የመጀመሪያው «ዩሪ ዶልጎሩኪ» በጃንዋሪ 2013 ወደ ባሕር ኃይሉ ሲቀላቀል፣ ስምንተኛው «ክኒያዝ ፖዣርስኪ» በጁላይ 2025 ተቀላቅሏል። ሁሉም የተሠሩት በነጭ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሴቬሮድቪንስክ ከተማ ነው። የአንዱ ርዝመት 170 ሜትር፣ ጠልቆ ሲሄድ ክብደቱ 24,000 ቶን፣ ባልደረቦቹ ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። እያንዳንዱ ቡላቫ የተባሉ 16 ሚሳኤሎችን ይሸከማል፤ አንዱ ሚሳኤል ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይወነጨፋል፤ በአፉም በርካታ የኒውክሌር አረሮችን ይይዛል።

የእነዚህ መርከቦች አገልግሎት ከሌላው የጦር መርከብ አገልግሎት ጋር የሚመሳሰል አይደለም። ሌላው መርከብ ባንዲራውን ለማሳየት ይሄዳል፤ ይኸኛው እንዳይታይ ይሄዳል። ወደብ ለወደብ አይዞርም፤ እንግዳም አይቀበልም። ሦስት ወር ያህል ውሃ ውስጥ መቆየት ይችላል፤ ገደቡንም የሚወስነው ነዳጁ ሳይሆን የተጫነው ስንቅና የሰዎቹ ጽናት ነው። የሚተነፍሱት ኦክስጅን ከውሃ በኤሌክትሪክ ይለያል፤ የሚጠጡት ውሃ ከባሕሩ ተጣርቶ ይገኛል። ጅዳ በባሕር ዳር የምታደርገውን እነርሱ በባሕር ውስጥ ያደርጉታል ማለት ነው። ሥራው ሁሉ ተጠቃልሎ ሲታይ አንድ ትእዛዝ መጠበቅ ነው፤ ያ ትእዛዝ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ እንዳይመጣም ሲባል ነው የሚጠበቀው። የመከላከል ስልት የሚባለው ይህ እንግዳ ሒሳብ ነው።

ሩሲያ እነዚህን መርከቦች በሁለት ስፍራ ታኖራለች። አንደኛው በሰሜን፣ ከሙርማንስክ አጠገብ ያለው ጋጂዬቮ ነው፤ ሁለተኛው በሩቅ ምሥራቅ በካምቻትካ የሚገኘው ቪሊዩቺንስክ። ከእነዚህ ሰፈሮች ወጥተው በባሬንትስና በኦኾትስክ ባሕሮች፣ በራሳቸው አውሮፕላኖችና መርከቦች ጥበቃ ሥር፣ ይሰወራሉ። የጦር ጠበብት ይህን «የምሽግ ስልት» ይሉታል። ሚሳኤሉ 8,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ መርከቡ ከቤቱ ደጅ መራቅ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ላንሣ፤ ከዋናው ጉዳይ ትንሽ ይወጣል። ጋጂዬቮ የተሰየመችው በዳግስታናዊው የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ በማጎሜት ጋጂዬቭ ነው፤ በግንቦት ወር 1942 በጦርነቱ የወደቀ፣ የሶቪየት ኅብረት ጀግና የተባለ ሰው ነው። የሩሲያ ሆሄያት «ሐ» እና «ጂ»ን በራሳቸው መንገድ ጻፏቸው እንጂ፣ የቤተሰቡ ስም ከ«ሐጂ» የመጣ ነው፤ የመጠሪያ ስሙም ሙሐመድ ነው። የዓለማችን ታላላቅ የኒውክሌር ሰርጓጆች የሚያድሩባት ከተማ፣ አንድ ወቅት አንዱ የካውካሰስ ሰው ወደ መካ ተጉዞ ባገኘው ማዕረግ ትጠራለች። መካ ውስጥ ሆኖ ይህን ለሚያነብ ሰው ነገሩ መገረምን የሚጭር ይመስለኛል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው መርከብ ለምን ወደ ቀይ ባሕር ይመጣል? ቀይ ባሕር ረጅምና ጠባብ ነው፤ ሰፊው ቦታ 355 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት በር ብቻ አለው። በሰሜን በኩል የስዊዝ ቦይ አለ፤ ጥልቀቱ 24 ሜትር ሲሆን ሰርጓጅ መርከብ የሚያልፍበት ከውሃ በላይ ወጥቶ፣ ፎቶግራፍ እየተነሣ ነው። በደቡብ ባብ ኤል መንደብ አለ፤ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ዛሬ በዓለም እጅግ ከሚጠበቁ የባሕር በሮች አንዱ ነው። መሰወር ሕልውናው የሆነ መርከብ በሁለት በር ወደሚጠበቅ መተላለፊያ አይገባም። በዚህ ምክንያት ለእኒያ አባት የሰጠሁት «አይደለም» የሚለው መልስ ይጸናል።

በዚህ ረገድ አሜሪካም ብትሆን አልተለየችም። በኦክቶበር 2022 ዌስት ቨርጂኒያ የተባለው ባለስቲክ ሚሳኤል ተሸካሚ ሰርጓጇ በዓረቢያ ባሕር ከውሃ በላይ ወጥቶ የአሜሪካ ማዕከላዊ ዕዝ አዛዥ ሲጎበኙት ታይቷል፤ ነገሩ ዜና የሆነው ብርቅ ስለሆነ ነው። በኖቬምበር 2023 ዋሽንግተን ይፋ ያደረገችው፣ በግብፅ በኩል ሲያልፍ ፎቶው የወጣው የኦሃዮ ዝርያ ሰርጓጅ ሌላ ዓይነት ነው። ቀድሞ ባለስቲክ ሚሳኤል ይሸከም የነበረ ሆኖ ኋላ እስከ 154 ክሩዝ ሚሳኤሎችን እንዲይዝ የተለወጠ፣ በሞተሩ እንጂ በመሣሪያው ኒውክሌር ያልሆነ መርከብ ነው። ከጅዳ ፊት ለፊት ያለው ባሕር የኒውክሌር ማብለያ የተሸከሙ መርከቦችን ሲያሳልፍ ሩሲያ የመጀመሪያዋ እንዳልሆነች መዘንጋት የለበትም።

ታዲያ ወደ ፖርት ሱዳን ሊመጣ የሚችለው ምንድን ነው? ምሳሌውን በሀቫና አይተነዋል። በጁን 2024 «ካዛን» የተባለው የሩሲያ የኒውክሌር ኃይል ሰርጓጅ ከሌሎች መርከቦች ጋር ወደ ኩባ ዋና ከተማ ወደብ ገብቶ ለቀናት ቆየ። ያሰን በሚባለው ዝርያ ውስጥ የሚመደብ፣ ክሩዝ ሚሳኤል የሚተኩስ ነው። የኩባ መንግሥት መርከቦቹ የኒውክሌር መሣሪያ እንዳልያዙ አስቀድሞ አስታወቀ። እንዲህ ያለው መርከብ ባንዲራ ለማሳየት ይመጣል፤ ስንቅ ይጭናል፤ ሠራተኞቹን ያሳርፋል። ሩሲያ በሶርያ ታርቱስ የነበራት ውልም ይህንኑ ይመስላል፤ በ2017 የተፈረመው ስምምነት እስከ 11 መርከቦች፣ በኒውክሌር የሚሠሩትን ጨምሮ፣ ለ49 ዓመት እንዲስተናገዱ የሚፈቅድ ነበር። የበሽር አል አሳድ መንግሥት በዲሴምበር 8 ቀን 2024 ሲወድቅ የታርቱስ ዕጣ ፈንታ አጠራጣሪ ሆነ፤ ከሁለት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 12 ቀን 2025፣ የወቅቱ የሱዳን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አሊ ዩሱፍ ሞስኮ ላይ ቆመው በፖርት ሱዳን ጉዳይ ሙሉ መግባባት ተደርሷል አሉ። የሁለቱ ቀናት መቀራረብ በአጋጣሚ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። በኖቬምበር 1977 ሶማሊያ ሶቪየቶችን ከበርበራ ካስወጣች በኋላ፣ ሞስኮ ፊቷን ወደ አዲስ አበባ አዙራ በዳህላክ ደሴቶች፣ በኖኩራ፣ የባሕር ኃይል አገልግሎት መስጫ ተከለች። ኖኩራ ቀደም ሲል ጣሊያን እስረኞችን ያጎረባት ደሴት ናት። በ1980ዎቹ የሶቪየት ክሩዘሮችና በኒውክሌር ኃይል የሚሠሩ አጥቂ ሰርጓጆች ለጥገናና ለስንቅ በየጊዜው ይጎበኟት ነበር። ማለትም ዛሬ በፖርት ሱዳን ሊሆን ይችላል የምንለው፣ ከዚያ በስተደቡብ ባለው የዚሁ ባሕር ዳርቻ፣ በእኛ ባንዲራ ሥር፣ ለአሥር ዓመት ያህል ሆኗል። ጠያቂዬ አባት ይህን ሳነሣ ፈገግ ብለው «ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልደንግጥ ኖሯል፤ ማታ ማታ መብራታቸውን እናይ አልነበረም እንዴ!» አሉ። በፌብሩዋሪ 1990 ምጽዋ ከደርግ እጅ ስትወጣ የሰፈሩ ነገር አበቃ፤ በ1991 ሶቪየቶች ለቀቁ።

ጅዳም ከሞስኮ ጋር ያላት ትውውቅ ከዚህ የቆየ ነው። በ1924 ከኡፋ አካባቢ የተወለደው ሙስሊሙ ዲፕሎማት ከሪም ሐኪሞቭ የሶቪየት ቆንስል ሆኖ ወደ ጅዳ መጣ፤ በፌብሩዋሪ 1926 ሶቪየት ኅብረት ለንጉሥ ዐብዱል ዐዚዝ ግዛት ዕውቅና ከሰጡት አገሮች ሁሉ ቀዳሚ ሆነች። ሐኪሞቭ በ1937 ወደ አገሩ ተጠርቶ በስታሊን ዘመን በተገደሉት መካከል ተቆጠረ፤ በ1938 የጅዳው ሚሲዮን ተዘጋ፤ ግንኙነቱ የታደሰው በሴፕቴምበር 1990 ነው። ዛሬ ሁኔታው እጅጉን ተለውጧል። በኦገስት 2023 የዩክሬንን ሰላም የሚመለከት ጉባኤ የተካሄደው በጅዳ ነው፤ የሱዳን ተፋላሚዎች በሜይ 2023 ሲቪሎችን ለመጠበቅ ቃል የገቡበት ሰነድ የተፈረመው በዚሁ ከተማ ነው። ስለ ፖርት ሱዳን የሚደረግ ማንኛውም ውል ከሱዳን ቀጥሎ የሚያሳስባት ከተማ ብትኖር ጅዳ ናት፤ በውሉ ላይ ግን ስሟ የለም።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ከጅዳ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሹዐይባ ትገኛለች። ከጅዳ በፊት የመካ ወደብ እርሷ ነበረች፤ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ በመርከብ የተሳፈሩት ከዚህች ዳርቻ እንደሆነ የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ዛሬ በዚያው ስፍራ በዓለም ካሉት ግዙፍ የባሕር ውሃ ማጣሪያዎች መካከል የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ቆመዋል። ውሃው በቧንቧ ተራራ ወጥቶ መካን፣ ጣኢፍን፣ ጅዳን ያጠጣል። የዘምዘም ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ በመሆኑ ከዚህ የተለየ ነው፤ ሑጃጁ የሚታጠብበት፣ ሆቴሉ የሚያበስልበት፣ ነዋሪው የሚጠጣው ግን በአብዛኛው ከቀይ ባሕር የመጣ ነው። በ2024 ሐጅ ያደረጉት 1,833,164 ሰዎች፣ በ2025 ያደረጉት 1,673,230 ሰዎች ናቸው። ሹዐይባ ለፖርት ሱዳን ከጅዳም ይልቅ ትቀርባለች።

አደጋውን ማጋነን ግን አይገባም። በወደብ የቆመ፣ ማብለያው ደኅና የሆነ መርከብ ባሕሩን አይበክልም፤ አሜሪካና ፈረንሳይ፣ ብሪታኒያና ሩሲያ እንዲህ ያሉ መርከቦችን ለአሥርት ዓመታት ብዙ ሕዝብ በሚኖርባቸው ወደቦች ሲያሳድሩ ኖረዋል። በግፊት ጨዋማ ውሃን የሚያጣራው ስልትም ቢሆን እንደ ሲዚየም ያሉትን ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገሮች አብዛኛውን ክፍል ያስቀራል፤ የማያስቀረው ከውሃው የማይለየውን ትሪቲየምን ነው። ሆኖም አንድም ጠብታ ሳይበከል ጥርጣሬ ብቻ ጣቢያውን ያዘጋል። የጣቢያው ሹም ባሕሩ ንጹሕ መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ ውሃ መሳብ ያቆማል፤ ማጠራቀሚያው እስኪጎድል ያለው ጊዜ የእርሱ ሰዓት ነው። ያ ሰዓት በዙልሒጃ ሳምንት ቢውል ምን እንደሚሆን መገመት ለማንም አያዳግትም። ቀይ ባሕር ወንዝ የማይገባበት፣ ውሃውን የሚለውጠው በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ብቻ የሆነ ባሕር ነው፤ በመካከለኛው ክፍሉ የሚሽከረከሩት ትላልቅ አዙሪቶች ውሃን ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ያሻግራሉ።

የሩሲያ ሰርጓጆች ታሪክ የሚያስተምረው ከማብለያው ይልቅ ስለ ዝምታው ነው። በጁላይ 4 ቀን 1961 ኬ 19 በሰሜን አትላንቲክ ማቀዝቀዣው ተበላሸ፤ ጨረራ ውስጥ ገብተው የጠገኑት ስምንት ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞቱ፤ ነገሩ ለአገሩ ሕዝብ ሳይነገር አሥርት ዓመታት አለፉ። በኦገስት 10 ቀን 1985 ከቭላዲቮስቶክ አቅራቢያ በቻዥማ ወሽመጥ፣ ነዳጅ በመለወጥ ላይ የነበረ ሰርጓጅ ፈንድቶ አሥር ሰዎችን ገደለ፤ ይህም ተደብቆ ቆየ። በኦክቶበር 1986 ባለስቲክ ሚሳኤል ተሸካሚው ኬ 219 ከቤርሙዳ ባሻገር ፈንድቶ ሲቃጠል፣ ወጣቱ መርከበኛ ሰርጌይ ፕሬሚኒን ወደ ማብለያው ክፍል ገብቶ በእጁ አጠፋውና እዚያው ቀረ። በኦገስት 12 ቀን 2000 ኩርስክ ከ118 ሰዎች ጋር ሲሰምጥ ሕዝብ የሰማው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የኩርስክ ማብለያዎች በራሳቸው ጠፍተው ጨረራ አልወጣም፤ ይህ ለሠሪዎቹ ምስጋና ነው። ሁለቱ ቀን ግን ለማጣሪያ ጣቢያ ሹም እጅግ ረጅም ነው።

የቻዥማው አደጋ የደረሰው በነዳጅ ለውጥ ወቅት በመሆኑ፣ ያን የመሰለ ሥራ በፖርት ሱዳን ይደረጋል ብሎ ማሰብ ከእውነት የራቀ ነው። የፖርት ሱዳን አደጋ ከሌላ አቅጣጫ ነው የሚመጣው። ከሜይ 4 ቀን 2025 ጀምሮ ለተከታታይ ቀናት ድሮኖች የከተማዋን አውሮፕላን ማረፊያ፣ የነዳጅ ማከማቻዎችንና የወደብ አካባቢን ደበደቡ፤ የጭሱ ምሰሶ ከሩቅ ይታይ ነበር። በማርች 2024 በሑሲዎች የተመታው ሩቢማር የተባለው መርከብ 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ ይዞ በዚሁ ባሕር ሰጠመ። የኒውክሌር ማብለያ የያዘ መርከብ ሰላማዊ ወደብ ላይ ሲቆም አንድ ነገር ነው፤ ነዳጅ ጎተራው በሚነድ ወደብ ላይ ሲቆም ሌላ ነገር ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሳዑዲ ዓረቢያ የባሕር ሕግ ስምምነትን በኤፕሪል 1996 ስታጸድቅ ባስያዘችው መግለጫ፣ በኒውክሌር ኃይል የሚሠሩ መርከቦች ወደ ግዛት ባሕሯ ከመግባታቸው በፊት ፈቃድ እንዲጠይቁ ትሻለች። ጥሩ መግለጫ ነው፤ ነገር ግን የግዛት ባሕር 12 የባሕር ማይል ነው። ከስዊዝ ወይም ከባብ ኤል መንደብ ወደ ፖርት ሱዳን የሚሄድ መርከብ የሳዑዲን ውሃ ሳይነካ በመካከለኛው ባሕር ማለፍ ይችላል። የባሕር ሕግ ስምምነቱ አንቀጽ 236 ደግሞ አካባቢን ስለመጠበቅ የተጻፉትን ድንጋጌዎች በጦር መርከቦች ላይ አያስፈጽምም። ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ጅዳ የሆነው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ጥበቃ ድርጅት፣ በ1982 በተፈረመው የጅዳ ስምምነት ላይ የቆመ ነው፤ ሱዳንና ሳዑዲ ዓረቢያ ሁለቱም አባል ናቸው። ኤርትራ አባል አይደለችም፤ ሩሲያም፣ የባሕር ዳርቻ የሌላት ኢትዮጵያም እንዲሁ። በጃንዋሪ 2020 በሪያድ የተቋቋመው የቀይ ባሕር አገሮች ምክር ቤትም ስምንት አባላት ሲኖሩት፣ ከዚህ ባሕር በሚገባ ሸቀጥና በዚህ ዳርቻ በሚሠሩ ልጆቿ የምትተዳደረው አገራችን ከውጭ ሆና ትከታተላለች።

ከሁሉም የበለጠ ፋይዳ ያለው ሰነድ ግን ሌላ ነው፤ ብዙም አይጠቀስም። ቼርኖቤል በፈነዳበት ዓመት፣ በሴፕቴምበር 26 ቀን 1986፣ የኒውክሌር አደጋን አስቀድሞ ስለማሳወቅ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸደቀ። የሚመለከተው «የትም የሚገኝ ማንኛውም ሪአክተር» ነው። ከወታደራዊ መርከብ ውስጥ ያለውም ከዚህ አይወጣም። ኬ 219 የነደደው ስምምነቱ በጸደቀ በሳምንቱ ነበር። በዚህ ስምምነት መሠረት ድንበር ሊሻገር የሚችል አደጋ ሲደርስ ባለቤቱ አገር ሳይዘገይ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ሩሲያ አባል ናት።

በፖርት ሱዳን ውል ላይ «የኒውክሌርና የአካባቢ ደኅንነት ተጠብቆ» የሚለው ሐረግ ይህን ግዴታ ወደ ሥራ ሊያወርደው ይችል ነበር። የመርከብ ሹሙ ለማን ይደውላል፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ በወደቡ ውሃ ላይ ጨረራ የሚለካው ማን ነው፣ ልኬቱስ ለሹዐይባ ይደርሳል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች አባሪ ሰነድ ይፈልጋሉ። ጃፓን ውስጥ የአሜሪካ የኒውክሌር መርከቦች ወደብ ሲገቡ የጃፓን ባለሥልጣናት ራሳቸው የወደቡን ውሃ ይለካሉ፤ ነገሩ ስንዱ ከሆነ በቀይ ባሕርም የማይሠራበት ምክንያት የለም። ሪያድ ከሞስኮም ከፖርት ሱዳንም ጋር መነጋገር የምትችል ዋና ከተማ ናት፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለማንሣት ከእርሷ የተሻለ ቦታ ላይ የተቀመጠ የለም። ስምምነቱን መቃወም ወይም መደገፍ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ልኬቱና ስልኩ ግን ማንም ይቃወም ማንም ይደግፍ ያስፈልጋሉ።

ለጊዜው ጊዜ አለ። የሩሲያ ፍሪጌት «አድሚራል ግሪጎሮቪች» በፌብሩዋሪ 2021 መጨረሻ ፖርት ሱዳን በገባበት ሰሞን ነገሩ ያለቀለት መስሎ ነበር፤ በጁን 2021 የሱዳን ጦር ውሉን እንደገና እየመረመረ መሆኑን አስታወቀ። የሩሲያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰርጌይ ላቭሮቭ በፌብሩዋሪ 2023 ካርቱምን በጎበኙ ጊዜም ውሉ የሱዳን ሕግ አውጪ አካል እስኪቋቋምና እስኪያጸድቀው እንደሚጠበቅ ተናግረዋል። ከሁለት ወር በኋላ ጦርነቱ ተጀመረ። ሱዳን ያን ሰነድ የሚያጸድቅ ምክር ቤት የላትም።